ፍራንቸስኮስ ዘፓኦላ በነገሥታት ግቢ አጠገብ እየኖረ እንዴት ባሕታዊ ሊባል ቻለ?

የለገጣፎ መንገድ አስተማሪ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከካራ አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለች አነስተኛ ጸሎት ቤት ለወጣቶች ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ። መጋቢት 24 ቀን የሚታሰበውን የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘፓኦላን ሕይወት ለማቅረብ በመዘጋጀት ላይ ሳለሁ አንዲት ተማሪዬ ያነሣችው ጥያቄ በቂ መልስ ላገኝለት ስላልቻልኩ፣ ጠለቅ አድርጎ ያነበበ ሰው ቢያግዘኝ ብዬ ወደዚህ መጥቻለሁ።

እኛ ሰፈር ያደገ ልጅ ባሕታዊ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚሉት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች በመሆናቸው የእኛም ልጆች ጠጉር የለበሰውን የጻድቁን ገላ፣ በግራና በቀኝ የቆሙትን አንበሶችና ነብሮች በየቤቱ ግድግዳ ላይ እያዩ አድገዋል። ሰማዩ ጠርቶ ዝቋላ ከሩቅ በሚታይበት ቀንም «ያ የአቦ ተራራ ነው» ብለው እርስ በርሳቸው ሲያሳዩ እሰማለሁ። ተማሪዬም የጠየቀችው ከዚህ ተነሥታ ነው። ባሕታዊ ዓለምን ጥሎ በረሓ የገባ ሰው ከሆነ፣ የሕይወቱን የመጨረሻ 24 ዓመታት በፈረንሳይ ነገሥታት ግቢ አጠገብ ያሳለፈ ሰው በምን ሚዛን ባሕታዊ ይባላል? በወጣትነቱ ዋሻ ውስጥ ስለነበረ ብቻ ስሙ ቀርቶለት ነውን?

ከዚህ ሌላ የጾሙን ነገር በሚገባ ላስረዳቸው እፈልጋለሁ። ዕድሜ ልኩን ሥጋና የእንስሳት ተዋጽኦ እንዳልቀመሰ፣ የመሠረተውንም ማኅበር በዚሁ እንዳሰረ አንብቤአለሁ። በጾም ሰሞን ከጎረቤት ልጆች ጋር የሚውሉት ተማሪዎቼ «የፈረንጅ ካቶሊክ ጾም አያውቅም» የሚል ንግግር ብዙ ጊዜ ስለሚሰሙ ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል። ሆኖም እንዲህ ያለው ጾም በጣሊያን አገር ከየት እንደመጣ ልነግራቸው አልቻልኩም። ከልጆቹ ግማሾቹ ደግሞ ይህን ቅዱስ ከአሲዚው ፍራንቸስኮስ ጋር ያምታቱታል። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ እግዚአብሔር ያክብራችሁ።

ንባብ ወዳድ፣ ሰበታ

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ፣ እኅታችን። የተማሪዎን ጥያቄ ለመመለስ ከልጅነቱ መነሣት ይሻላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱን ፍራንቸስኮሶች ለመለየት የዘመኑን ርቀት መንገር ይበቃል። የአሲዚው በ1226 ሲያርፍ፣ የፓኦላው የተወለደው በ1416፣ ማርች 27 ቀን፣ በደቡብ ጣሊያን በካላብሪያ ምድር፣ በባሕር ዳር በምትገኘው በፓኦላ ከተማ ነው። ስሙም በአጋጣሚ አልተሰጠውም። ወላጆቹ ለብዙ ዓመታት ልጅ አጥተው ወደ አሲዚው ቅዱስ ሲለምኑ ከቆዩ በኋላ የወለዱት ስለሆነ በስሙ ጠሩት። ሕፃኑ ዐይኑን ታሞ ማየት እስኪሳነው ድረስ ሲደርስ ደግሞ፣ ቢድንላቸው አንድ ዓመት የፍራንቸስካኖችን ልብስ ለብሶ በገዳማቸው እንዲያገለግል ተሳሉ። ስለ ስእለት አቅራቢ እናቶች ለእኛ አገር ልጅ ብዙ ማስረዳት ስለማያስፈልግ፣ ታሪኩን ከዚህ ቢጀምሩት ወዲያው የሚገባቸው ይመስለኛል።

ስእለቱ የተፈጸመው ልጁ 13 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሳን ማርኮ በተባለች ከተማ ባለ የፍራንቸስካን ገዳም ነው። ዓመቱ ሲያበቃ ወንድሞች እንዲቀር ቢወዱም እርሱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሲዚና ወደ ሮም ተሳልሞ ተመለሰ። ከዚያም በፓኦላ መጀመሪያ በአባቱ መሬት ላይ፣ ኋላም ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ዋሻ ውስጥ ብቻውን ይኖር ጀመር። ድንጋይ ላይ እየተኛ፣ ከአካባቢው የሚያገኘውን ቅጠላ ቅጠልና ሰዎች የሚያመጡለትን ጥቂት ምግብ እየተመገበ ጥቂት ዓመታት ቆየ። በ1435 ገደማ ሁለት ሰዎች ሊከተሉት መጡ፤ ጎረቤቶቹም ሦስት ትንንሽ ክፍሎችና አንዲት የጸሎት ቤት ሠሩላቸው። የማኅበሩ አጀማመር የሚቆጠረው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፍራንቸስኮስ ብቻውን የኖረባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው። ከ20 ዓመቱ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ሁልጊዜ ሰው ከቦት ኖሯል። ይህም ሆኖ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ በ1474 ማኅበሩን ሲያጸድቁ የሰጡት ስም «የአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ባሕታውያን» የሚል ነበር። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ባሕታዊ ያለችው በዋሻው ዘመን ብቻ አይደለም፤ ገዳም ሠርቶ፣ ደቀ መዛሙርት አፍርቶ፣ የአገሬው ድኻ ሁሉ በደጁ ተሰልፎ ሳለም በዚሁ ስም ጠርታዋለች። ዋሻውን ትቶ ሲወጣ ይዞት የወጣው ሥርዓት ነው ባሕታዊ ያሰኘው። ይህም ሥርዓት ዝምታ፣ የሌሊት ጸሎት፣ በእጅ መሥራት፣ ገንዘብ አለመንካትና የማይፈታ ጾም ነው። በፓኦላ፣ በፓቴርኖ፣ በስፔዛኖና በኮሪሊያኖ ገዳማት ሲሠሩ እርሱ ራሱ ከሠራተኞቹ ጋር ድንጋይ ተሸክሟል፤ ከሞተ በኋላ ስለ ሕይወቱ ከመሰከሩት መካከል እነዚሁ አብረውት የሠሩ ሰዎች ይገኙበታል።

ወደ ፈረንሳይ ሲሄድ 67 ዓመቱ ነበር። በራሱ ፈቃድ እንዳልሄደም ለተማሪዎ ይንገሯት። ንጉሥ ሉዊ 11ኛ በጠና ታሞ ሞትን እጅግ ፈርቶ ነበርና የካላብሪያውን ፈዋሽ ዝና ሲሰማ መልእክተኛ ላከበት፤ ፍራንቸስኮስም አልሄድም አለ። የኔፕልሱ ንጉሥ ፌራንቴ ቢያማልድም እሺ አላለም። በመጨረሻ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ራሳቸው ስላዘዙት፣ በታዛዥነት መሐላው ምክንያት ተነሥቶ ሄደ። እንግዲህ ዋሻው ውስጥ ቢቀር ኖሮ መሐላውን ይጥስ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ነጥብ ወጣቶቹ ራሳቸው ቢወያዩበት መልካም ነው።

የእንጦጦ ግርጌ ነዋሪ

እኔ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ስሆን ይህን ውይይት በአክብሮት እየተከታተልኩ ነው፤ የተማሪዋ ጥያቄ እኛንም ስለሚመለከት ጥቂት ለማለት ወደድኩ።

ባሕታዊ በንጉሥ ፊት መቆሙ በእኛ ገድላት እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ከበኣታቸው ወጥተው ወደ ነገሥታት ሲሄዱ አብዛኛውን ጊዜ የሄዱት ለተግሣጽ ነው። የደብረ ሊባኖሱን አቡነ ፊልጶስን እንውሰድ፤ ዐፄ ዐምደ ጽዮንን በጋብቻቸው ጉዳይ ፊት ለፊት ስለ ገሠጹ ከገዳማቸው ተነቅለው በስደት ተንከራተዋል። ስለዚህ የእኛ ሰው አንድ መነኩሴ ቤተ መንግሥት ገባ ሲባል የሚጠይቀው «ምን ተናገረ? ምንስ ተቀበለ?» ብሎ ነው። እውነቱን ተናግሮ ባዶ እጁን ከወጣ ባሕታዊነቱ ምንም አልጎደለም። መሬትና ሹመት ተቀብሎ ዝም ካለ ግን ዋሻ ውስጥ ቢያድርም ባሕታዊ ለመባል አይበቃም።

ስለዚህ የማውቀው የሌለኝን ልጠይቅ፦ ይህ ፍራንቸስኮስ ለንጉሡ ምን አለው? ንጉሡስ ምን ሰጠው? ደግሞስ ቄስ ነበርን? ንስሐ የሚሰጥ ካህንና ምክር የሚሰጥ መነኩሴ በንጉሥ ፊት ያላቸው ሥልጣን አንድ ስላልሆነ ነው የምጠይቀው።

የሦስተኛው ማኅበር አባል፣ ቡራዩ

ወንድማችን ከእንጦጦ ያነሡት ጥያቄ ቀጥተኛ ስለሆነ በእርሱ ልጀምር። ፍራንቸስኮስ ቄስ አልነበረም፤ መዓርገ ክህነት ሳይቀበል በወንድምነት ኖሮ በወንድምነት ዐረፈ። ትምህርትም አልነበረውም። ይህን ከሁሉ አስቀድሞ በጽሑፍ ካሰፈሩት አንዱ ፊሊፕ ደ ኮሚን የተባለ የንጉሡ አማካሪ ነው። ኮሚን በመልእክተኛነት ብዙ ቤተ መንግሥት የዞረ፣ በቀላሉ የማይደነቅ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ይህ ያልተማረ የካላብሪያ ሰው በነገሥታትና በታላላቆች መካከል ሆኖ ሲናገር መንፈስ ቅዱስ በአንደበቱ የሚናገር እንደሚመስል፣ እንደ እርሱ ያለ ቅዱስ ሕይወት የሚኖር ሰውም አይቶ እንደማያውቅ ጽፏል። በግቢው ውስጥ በባሕታዊው መምጣት የሚያፌዙ ብዙዎች እንደነበሩም አልደበቀም።

ኮሚን እንደሚተርከው ንጉሡ ባሕታዊውን የተቀበለው በፊቱ ተንበርክኮ ሲሆን፣ ዕድሜውን እንዲያስረዝምለት ለመነው። ፍራንቸስኮስ ይህን ተስፋ አልሰጠውም። የንጉሥም ዕድሜ እንደ ማንኛውም ሰው ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ያለ መሆኑን ነግሮ፣ ለሞት እንዲዘጋጅ አብሮት ቆየ። ጉዞው ሁሉ የተደረገው ለፈውስ ነበር፤ ፈውስ እንደማይኖር ለታመመ ንጉሥ መንገር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ማሰብ ይቻላል። ሉዊ 11ኛ በ1483 ኦገስት 30 ቀን ሞተ፤ ፍራንቸስኮስም እስከ መጨረሻው አልተለየውም።

ወደ ፈረንሳይ ሲያልፍ በኔፕልስ ስለሆነው የሚነገርም ትውፊት አለ። ንጉሥ ፌራንቴ ለገዳም ማሠሪያ ብሎ የወርቅ ገንዘብ ባቀረበለት ጊዜ ባሕታዊው አንዱን ወርቅ አንሥቶ ቢሰብረው ደም ፈሰሰው፤ «ይህ ከድኻ የተመጠጠ ደም ነው» ብሎም አልቀበልም አለ ይባላል። ወንድማችን የጠየቁት «ምን ተቀበለ?» የሚለው እዚህ መልስ ያገኛል ብዬ አምናለሁ። በፈረንሳይ ነገሥታቱ ለወንድሞቹ ገዳማት አሠርተውላቸዋል፤ የሉዊ ልጅ ንጉሥ ሻርል 8ኛ በቱር ከተማ አጠገብ ባለችው በፕለሲና በአምቧዝ፣ በሮምም ኮረብታ ላይ ያለውን የቅድስት ሥላሴ ገዳም አሠርቷል። ፍራንቸስኮስ ለራሱ ግን ከአንዲት ክፍልና ከለበሰው ሻካራ ልብስ ሌላ የያዘው አልነበረም።

አሁን ወደ ጾሙ ልመለስ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ ይህ ነው። እኅታችን ለልጆቹ ሊያሳዩት የሚገባ አንድ ደብዳቤ አለ። ንጉሥ ሉዊ ሊሞት ሁለት ወር ሲቀረው፣ በጁን 1483፣ በደቡብ ፈረንሳይ ለነበረ ሹሙ ጽፎ ሎሚ፣ ጣፋጭ ብርቱካን፣ ሽታው የሚያውድ የፒር ፍሬና ካሮት መሰል ሥራሥር እንዲልክለት ያዘዋል። ምክንያቱንም ሲጽፍ ይህ ሁሉ የሚፈለገው ሥጋም ሆነ ዓሣ ለማይበላው ቅዱስ ሰው መሆኑን ይገልጻል። በአልጋው ላይ ሆኖ መንግሥት የሚመራ፣ ሞት የቀረበው ንጉሥ ለአንድ ጿሚ የሚሆን ፍራፍሬ ሲያፈላልግ ማየት በእውነት ልብ ይነካል። ለተማሪዎም ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኝም፤ ሰውየው ግቢው አጠገብ ገብቶ ማዕዱን አልለወጠም፣ የንጉሡ ማዕድ ቤት ነው ለእርሱ ሲል የተለወጠው።

ጾሙ ከየት መጣ ላሉት፣ እርሱ አዲስ ጾም አልፈጠረም። በመካከለኛው ዘመን የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ዐቢይ ጾምም ከሥጋ ሌላ ወተትን፣ ቅቤን፣ አይብንና እንቁላልን ይከለክል ነበር። ፍራንቸስኮስ በኖረበት ዘመን ግን፣ በተለይ የወይራ ዘይት በማይገኝባቸው ሰሜናዊ አገሮች፣ ቅቤና ወተት እንዲፈቀድ የሚጠይቁ እየበዙ፣ ፈቃድም እየተሰጠ ጾሙ እየላላ ነበር። እርሱ ሌሎች በ40 ቀን የከበዳቸውን ጾም ዓመቱን ሙሉ ሊይዘው ወሰነ። ማኅበሩ ከድህነት፣ ከንጽሕናና ከታዛዥነት መሐላ ሌላ አራተኛ መሐላ ጨመረ፤ ይህም ሳያቋርጡ በዐቢይ ጾም ሥርዓት መኖር ነው። የመጨረሻውን ደንብ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ 2ኛ ያጸደቁት በ1506፣ ቅዱሱ ሊያርፍ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሲቀር ነው። በዚህ ጊዜ ማኅበሩ «ሚኒሚ»፣ ማለትም ከሁሉ ያነሱ፣ በሚለው ስም መጠራት ጀምሮ ነበር።

ከደንቡ ውስጥ አንድ ነገር እንዳይዘለል እለምናለሁ፤ በጠና የታመመ ወንድም ሐኪም ካዘዘለት ከጾሙ ነጻ ይሆናል። ለራሱ እንዲህ የጨከነ ሰው ለታመመ የሚራራ ደንብ መጻፉ የቅድስናው አንድ ገጽታ ነው። በተለይ መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች በጾም ሰሞን በጓደኞቻቸው ፊት እንዳያፍሩ ይህ ይነገራቸው።

አንድ ጎን ለጎን የሚሄድ ነገር ልጨምር። የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች እንደ አባት የምናያቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ በ1800 የተወለዱት ሳን ፌሌ በተባለች መንደር፣ ከካላብሪያ ጋር በሚዋሰነው በባዚሊካታ ነው። ሁለቱም የደቡብ ጣሊያን ገጠር ልጆች ናቸው። አቡነ ዮስጢኖስ ወደ አገራችን መጥተው የአገሬውን መነኩሴ ልብስ ሲለብሱና በግእዝ ሲቀድሱ፣ ከመንደራቸው ድህነትና ጸሎት ይዘው የመጡት ነገር ብዙ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ቢሆንም ለልጆቹ ካላብሪያን በካርታ ላይ ለማሳየት ጥሩ ምክንያት ይሆናል።

የለገጣፎ መንገድ አስተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የደብዳቤው ነገር ለእኔም አዲስ ነው፤ ከእንጦጦ የጻፉልን ወንድማችን ያነሡትን «ምን ተናገረ? ምን ተቀበለ?» የሚለውን ደግሞ የውይይቱ መነሻ አደርገዋለሁ።

አሁን የቀረኝ የተአምራቱ ጉዳይ ነው። ባለፈው እሑድ ስለ ዝግጅቱ ለወላጆች ስገልጽ አንድ አባት በአክብሮት ግን በጽኑ ቃል ተቃወሙኝ። በካባ ላይ ሆኖ ባሕር ተሻገረ የሚለውን ታሪክ ለልጆች ማስተማር፣ ነገ ትልቅ ሲሆኑ ወንጌሉንም እንደ ተረት እንዲቆጥሩት ያደርጋል የሚል ነው ሐሳባቸው። በሌላ በኩል የካባውን ታሪክ ካስወጣሁ ሥዕሉን እንዴት አድርጌ አስረዳለሁ? አብዛኞቹ ሥዕሎቹ የሚያሳዩት እርሱን ነው። ንባብ ወዳድ የምስክሮችን ነገር ስላነሡ፣ የቱ በምስክር የተያዘ፣ የቱ በቃል የመጣ እንደሆነ ቢለዩልኝ ደስ ይለኛል።

ንባብ ወዳድ፣ ሰበታ

የአባትየው ሥጋት ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ታሪኮቹን መደበቅ አይመስለኝም። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ልጅ «ይህን በዐይናቸው ያዩ ሰዎች መሰከሩ»፣ «ይህን ደግሞ ሕዝቡ ሲናገረው ኖረ» ብለን ብንለይለት በሚገባ ይረዳል።

ፍራንቸስኮስ በ1507 ኤፕሪል 2 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ በፕለሲ በ91 ዓመቱ ዐረፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በካላብሪያና በቱር ከተማ ምርመራ ተደርጎ ያወቁት ሰዎች በመሐላ ቃላቸውን ሰጡ። ሊዮን 10ኛ ቅድስናውን ያወጁት በ1519 ነው፤ ከዕረፍቱ እስከዚያ 12 ዓመት ብቻ ስላለፈ ከምስክሮቹ ብዙዎቹ ገና በሕይወት የነበሩ ናቸው። የፈረንሳይ ንጉሣዊ ቤተሰብም ጉዳዩን በብርቱ ደግፏል። የሳቮዋዋ ሉዊዝ ልጅ እንድትወልድ ባሕታዊውን ጸሎት ጠይቃ ነበርና በ1494 የወለደችውን ልጅ በስሙ ፍራንሷ አለችው፤ እርሱም ኋላ ፍራንሷ 1ኛ ተብሎ ነገሠ። በምስክሮቹ ቃል ውስጥ በብዛት የሚገኙት ትንንሽ፣ የሰፈር ሰው የሚናገራቸው ነገሮች ናቸው። የታመሙ ስለ መዳናቸው፣ በግንባታ ላይ ስለ ተንከባለለ ድንጋይ መቆም፣ ስለተራቡ ሠራተኞች መጥገብ ተነግሯል። እንዲህ ያሉት ታሪኮች ተናጋሪው ማን እንደነበረ፣ የት ቆሞ እንዳየ ስለሚያሳዩ እኔ ከታላላቆቹ ይልቅ እነርሱን እወዳለሁ።

የካባው ታሪክ በ1464 ሆነ ተብሎ ይነገራል። ፍራንቸስኮስ ወደ ሲሲሊ ሊሻገር መሲና ወሽመጥ ሲደርስ ገንዘብ ስላልነበረው ጀልበኛው አላሳፍርም አለው። እርሱም ካባውን በውኃው ላይ ዘርግቶ አንዱን ጫፍ በበትሩ ላይ እንደ ሸራ አስሮ ከጓደኞቹ ጋር ተሻገረ። ወደ ሲሲሊ መሄዱና በሚላዞ ገዳም መመሥረቱ የተረጋገጠ ነው። ስለ አሻጋገሩ የምናገኘው ግን በእምነት የተያዘ ትውፊት ስለሆነ፣ ትውፊት መሆኑን ገልጾ መንገር ይበቃል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1943 የጣሊያን መርከበኞች ጠባቂ አድርገው የሰየሙት በዚህ ትውፊት ምክንያት ነው። እኔ ብሆን ልጆቹ እንዲያስተውሉ የማደርገው ጀልበኛውን ነው፤ ሳንቲም የሌለውን መንገደኛ ጥሎ የሄደ ሰው በየዘመኑ ስላለ፣ ታክሲ ላይ ሒሳብ ጎድሎት የወረደ ልጅ ስሜቱን ያውቀዋል።

ለትንንሾቹ የበጉ ታሪክ ይሻላል። ማርቲኔሎ የሚባል የሚወደው በግ ነበረው፤ የተራቡ ሠራተኞች አርደው በሉትና አጥንቱን ኖራ በሚቃጠልበት እቶን ጣሉት። ባሕታዊው መጥቶ በጉን በስሙ ሲጠራው ከእቶኑ ወጣ ይባላል። ይህም ትውፊት ነው። በአቦ አንበሶች ያደጉ ልጆች ለምን ቅዱሳን ከእንስሳት ጋር እንደሚሳሉ ራሳቸው ሳይጠየቁ ይናገራሉ።

የጠበሉንም ነገር አይርሱ። በፓኦላ ገዳም ሲሠራ ለሠራተኞቹ ውኃ ጠፍቶ ፍራንቸስኮስ ዓለቱን በበትሩ ቢመታው ፈለቀ የሚባል ምንጭ እስካሁን አለ፤ ተሳላሚዎችም ከዚያ ይጠጣሉ። ጠዋት በጀሪካን ጠበል ይዘው ከእንጦጦ የሚወርዱ ሰዎችን የሚያይ ልጅ ካላብሪያ ሩቅ አገር አይመስለውም።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ ለታላላቆቹ ይነገር። በ1562፣ በፈረንሳይ የሃይማኖት ጦርነት ሲነሣ፣ ሁጉኖቶች የተባሉት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች መቃብሩን ከፍተው አስከሬኑን አቃጠሉት፤ በዚያ ጊዜ ሳይፈርስ ተገኝቶ ነበር ይባላል። ወንድሞች ከእሳቱ የተረፈውን ዐጽም ሰበሰቡ። ይህን የምነግርዎ በማንም ላይ ቂም እንዲያዝ አይደለም፤ ልጆቹ ዛሬ ከፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻቸው ጋር በሰላም እየኖሩ ስለሆነ በጥንቃቄ ቢቀርብ ይሻላል፤ ጨርሶ መዝለል ግን የቅዱሱን ታሪክ ማጉደል ነው።

የእንጦጦ ግርጌ ነዋሪ

ስለ ቄስነቱና ስለ ወርቁ የተሰጠኝ መልስ አጥግቦኛል፤ አመሰግናለሁ። የፈራ ንጉሥ ሲለምን «አትድንም» ብሎ የነገረ፣ ከዚያም ጥሎት ሳይሄድ እስኪሞት አብሮት የቆየ መነኩሴ የእኛም ገዳም ቢሆን የሚከበር ነው። እኅቴ፣ ተማሪዎ ከፈቀደች አንድ ነገር ብታስብበት እወዳለሁ፦ ተግሣጽ ተናግሮ ወዲያው ወደ በኣቱ መመለስ ይቀላል ወይስ ገሥጾ 24 ዓመት እዚያው አጠገብ መኖር? እኔ ሁለተኛው የሚከብድ ይመስለኛል።

የለገጣፎ መንገድ አስተማሪ

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ለራሷ ለተማሪዬ አነብላታለሁ። ዝግጅቱን ከወላጆቹ ስእለት ጀምሬ፣ በመካከል የንጉሡን ደብዳቤና የአራተኛውን መሐላ ነገር አቅርቤ፣ የካባውን ታሪክ ትውፊት መሆኑን በመግለጽ ከሥዕሉ ጋር አሳያለሁ። ሐሳባቸውን ላካፈሉኝ አባትም ይህን ውይይት አሳይቻቸው ትውፊቱ ተለይቶ ከተነገረ እንደማይቃወሙ ነግረውኛል፤ እንዲያውም በዕለቱ መጥተው ስለ ሕሙማን የተጻፈውን የደንቡን ክፍል እርሳቸው ሊያስረዱ ፈቅደዋል፤ ሙያቸው ነርስነት ነውና። በዕለቱ ዐቢይ ጾም ካልተፈታ ለልጆቹ ብርቱካንና ሎሚ በማር የማቅረብ ሐሳብ አለን። ጽሑፉን ለራሱ ቁምስና መጠቀም የሚፈልግ አስተማሪ ካለ በዚሁ ይንገረኝ፤ ከበዓሉ ሳምንት ቀደም ብዬ እልክለታለሁ።